የገመዱ መጨረሻ ሰው

ጥቅምት 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ እሑድ

ይህ ደብተር የአምሳሉ ነው። ማንም እንዳያነበው። አንብቦ የተገኘ ሰው ቢያንስ ጽሕፈቱን ያድንቅ።

ከሁለት ዓመት በፊት የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ዛሬ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር፣ እስከ አሞራ ገደል የተሰቀለውን ታፔላ በሙሉ አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ከተማው አዲስ ካልሰቀለ ሥራ ፈት ሆኛለሁ። ደብተሩን የሰጡኝ የማታ ትምህርት አስተማሪዬ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ካልጻፍክ እጅህ ይረሳል አሉኝ። ቀጥለውም አንድ ነገር አዘዙኝ፦ በጻፍኩ ቁጥር ለእሳቸው ጮክ ብዬ ለማንበብ የማፍርበት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲኖር። "ጉራህን በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ደብተር የተሰጠህ ለሌላው ነው" አሉ።

የዛሬ የማፍርበት፦ የለም።

ጥቅምት 8፣ ረቡዕ

ኮሌጅ ገባሁ። ይህን ሦስት ጊዜ ልጽፈው አስቤ ለቀለሙ አዘንኩለት።

እንዴት ገባህ ለሚለኝ፦ ጋሽ ሽበሺ የኮሌጁ የገመድ ጉተታ አሰልጣኝ ናቸው። ክረምት ላይ ዓሣ ሊገዙ አሞራ ገደል መጥተው፣ ከአጎቴ ከብዙአየሁ ጋር መረብ ከሐይቁ ስናወጣ አዩኝ። ሦስት ሰው የሚይዘውን የገመድ ጫፍ ብቻዬን ይዤ ነበር። (ሁለቱ ሻይ ሊጠጡ ሄደው ነው። ይህን አልነገርኳቸውም።) ገመድ ጉተታ ተወዳድረህ ታውቃለህ ሲሉኝ፣ ከተወለድኩ ሌላ ሥራ የለኝም አልኳቸው።

ኮሌጁ ለገመድ ቡድኑ ስምንት ሰው የትምህርት ውጤት ሳይጠይቅ ይቀበላል። አልጋ፣ ምግብና የእንጨት ሥራ ሥልጠና ይሰጣል። ከቡድኑ የወጣ ከአልጋውም ከትምህርቱም ይወጣል። ይህን ዲኑ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ ሁለተኛውን እኔን እያዩ።

ዶርማችን ስምንት ሰው፣ አራት ተደራራቢ አልጋ ነው። ታችኛውን እኔ ያዝኩ። ከላዬ ያቤጽ የሚባል የቡሹሎ ልጅ አለ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አሥረኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። ማታ ማታ መጀመሪያ ይጸልያል፣ ቀጥሎ በቀልዴ ይስቃል። ቅደም ተከተሉን አልወደድኩትም።

የማፍርበት፦ አልጋው ላይ መጀመሪያ የተቀመጠው እሱ ነበር። ወገቤን ያመኛል አልኩት። ወገቤን አሞኝ አያውቅም።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ክፍል ውስጥ ሜትር፣ መጋዝ፣ መላጊያ። መላጊያውን ሳንቃው ላይ አንድ ጊዜ ብገፋው መምህሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። የንድፍ ወረቀቱን ያቤጽ ያነብልኛል። እኔ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ ልጁ ሥራ የፈታ እንዳይመስለው ብዬ ነው። ሠልጥኜ ስወጣ ለአጎቴ ጀልባ እሠራለሁ። ስሟን ከአሁኑ መርጫለሁ፤ "አምሳሉ" ትባላለች።

ልምምድ አሥር ሰዓት። ጋሽ ሽበሺ የመጨረሻው ሰው አደረጉኝ፤ "መልህቅ" ይሉታል። ገመዱን ወገብ ላይ መጠምጠም በውድድሩ ሕግ ክልክል ነው፤ በእጅ ብቻ። ስለዚህ ሰባቱ ሰዎች የሚተማመኑት በእኔ እጅ ነው። እጄን ደግሞ አይተውታል። ከፊቴ ያቤጽ፣ ከእሱ ፊት ጉልላት። ጉልላት ዘጠና ኪሎ ነው፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የማፍርበት፦ ጊዜ የለኝም።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን። ከእርሻ ኮሌጅ ልጆች ጋር። ሳሩ እርጥብ ነበር። ዳኛው ፊሽካውን ቸኩሎ ነፋ። የእነሱ ሸራ ጫማ አዲስ ነው። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች። (ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች፤ ግን ሞቀችኝ።)

ከእራት በኋላ

አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው። መጀመሪያ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እነሱም አይጎትቱን፣ እኛም አንጎትታቸው። ከዚያ ካፕቴናቸው አንድ ነገር ጮኸና በአንድ ጊዜ ነጠቁ። ገመዱ እጄ ውስጥ ነዘረ። ወዲያው ያቤጽ በጉልበቱ ወደቀ፣ ጉልላት እሱ ላይ፣ ሌሎቹም እንደ ተደረደረ ሳንቃ። ሁለተኛው ዙርም ልክ እንደዚሁ። ሁለቱንም ጊዜ ብቻዬን ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይህ ጥንካሬዬን ያሳያል።

የማፍርበት፦ የለም። ጥንካሬ አያሳፍርም።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

ዛሬ ግምገማ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ነገር ገመድ ቡድን ድረስ መጥቷል። እያንዳንዱ መጀመሪያ ግለሂስ ያደርጋል፣ ማለት ራሱን ይወቅሳል፤ ከዚያ ሌላውን ይወቅሳል፤ ሁሉም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍርና ማኅተም ይመታበታል። ጋሽ ሽበሺ ጸሐፊ ማን ይሁን ብለው ሳይጨርሱ እጄን አነሳሁ።

በግለሂሴ፣ ከመጠን በላይ ጠንካራ በመሆኔ የጓደኞቼን ስሜት እጎዳለሁ አልኩ። ጋሽ ሽበሺ፣ "ይህ ግለሂስ ነው ወይስ የሥራ ማመልከቻ?" አሉ።

ከዚያ ለምን ወደቅን የሚለው መጣ። ማንም አልተነፈሰም። ዝምታ አልወድም። እኔም፣ ያቤጽ ዘማሪ ስለሆነ ፊሽካ ሲሰማ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ራሱ ያቤጽ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ጉልላት ብቻ አልሳቀም። ቀልድ አይደለም፣ መጀመሪያ የወደቀው እሱ ነው አለ። ሳቁ ሳያልቅ ሦስት ሰው "ልክ ነው" አለ። ጋሽ ሽበሺም ይጻፍ አሉ።

ጻፍኩ። "ድክመቱ የያቤጽ መሆኑ ተገምግሟል።" በሕይወቴ ማኅተም የተመታበት የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው። ማኅተሙ ሐምራዊ ነው፤ በጣም ያምራል።

የማፍርበት፦ "ተገምግሟል" የሚለው ረዘመብኝና እንዴት እንደሚጻፍ አጠገቤ የተቀመጠውን ጠየቅኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ያቤጽ ነበር። ፊደል በፊደል ነገረኝ።

ኅዳር 1፣ ዓርብ

ፓስታ። ሁለት ጊዜ ተሰለፍኩ፤ ካርዱን የምትበሳው ሴትዮ ሁለተኛውን መንትያው ነው ብላ ያሳለፈችኝ ይመስለኛል። ያቤጽ እራት አልበላም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን። ሳሩ ደረቅ ነበር።

እንደዚያው ነው። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ነጠቁ፣ ነዘረ፣ ያቤጽ ወደቀ።

አንድ ጥሩ ነገር ግን ሆነ። የሴቶቹ ገመድ ቡድን ካፕቴን፣ ሳያት የምትባለው፣ ሜዳው ዳር ቆማ ስታይ ነበር። ቱታዋን ወገቧ ላይ አስራ እንደ ዳኛ ነው የምታየው። ሳልፍ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማኋት፦ "ያ ከኋላ ያለው ሰውዬ ገመዱን የሚያስታምመው ለምንድን ነው?"

የሚያስታምመው አለች። ሴት ልጅ የወንድን የእጅ ለስላሳነት አስተውላ እንደዚህ ስትናገር ዝም ብሎ አይደለም። ጸጉሬን መስተካከል አለብኝ።

የማፍርበት፦ የለም። ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የምን ማስታመም?

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ሁለተኛው ግምገማ አጭር ነበር። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። አንብብ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ በጥሩ ድምፅ አነበብኩ። ጋሽ ሽበሺ አዝነው ነበር፤ ቢሆንም በጽሑፍ ያለ ነገር ነው አሉ። ታኅሣሥ 21 የኮሌጆች ውድድር አለ። የስምንቱ ስም ኅዳር 30 ለዲኑ ይቀርባል፤ ያቤጽ አይኖርበትም። በእሱ ቦታ ጉልላት ወደ ኋላ ይመጣል፤ ከፊት፣ ከሌላ ዶርም እየመጡ ከሚለማመዱት ተጠባባቂዎች አንዱ ይገባል። ያቤጽ እስከ ኅዳር 30 አልጋው ላይ መቆየት ይችላል።

ያቤጽ እሺ ጋሼ አለ።

ማታ ሦስት ቀልድ ነገርኩት። አንዱ ስለ ዲኑ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ከላይ ምንም ድምፅ አልመጣም።

የማፍርበት፦ አነባበቤ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ከክፍል ስመለስ ከወርክሾፑ ጀርባ ያቤጽን አየሁት። ገመዱን ባሕር ዛፉ ላይ አስሮ ብቻውን ይጎትታል። ተረከዙን ቀብሮ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። አጥብቄ ስለማየው እንዲያየኝ አልፈለግኩም፣ ግን አየኝ።

"መውደቄን አውቃለሁ፤ ሁላችሁም አይታችኋል" አለኝ። "ለምን እንደምወድቅ ነው ያጣሁት። ከዛፉ ጋር አልወድቅም፣ አምሳሉ።"

ዛፍ ምን ያውቃል ብዬ ቀለድኩ። አባቱ እስካሁን አልሰሙም። በቆሎ ሸጠው ቱታ ገዝተውለታል፤ ልጄ ኮሌጅ ነው እያሉ ቡሹሎን አዳርሰዋል። ይህን የነገረኝ ገመዱን እየፈታ ነው፤ ሳያማርር፣ እንደ አየር ጠባይ ወሬ።

የማፍርበት፦ ዛሬ አልጽፍም።

ኅዳር 17፣ እሑድ

አሞራ ገደል ሄድኩ። ቱታዬን ለብሼ ነው የሄድኩት፤ ሰው እንዲያይ። ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች "ተማሪው መጣ" አሉ፤ ሁለት ጊዜ ከፊታቸው አለፍኩ።

አጎቴ ብዙአየሁ ግን ቱታ አይታየውም። መረብ ውኃ ውስጥ ነው፣ ያዝ አለኝ። ያዝኩ። ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ አይደለም፣ ፊቴን ወደ ውኃው አድርጌ፣ እንደ ድሮው። መሳብ ጀመርን። መሐል ላይ አንድ ትልቅ አምባዛ ዓሣ ገባና ተወራጨ። ገመዱ ነዘረ።

እጄ ተከፈተ።

እኔ አልከፈትኩትም። ራሱ ነው የተከፈተው፤ አንድ ክንድ የሚሆን ገመድ ሰጠና መልሶ ጨበጠ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። አጎቴ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ገመዱ ሲነዝር ይዘህ ከጸናህ መረቡ ይቀደዳል፤ ትንሽ ስጠው፣ ከዚያ ውሰድ። ይህን ለመማር ስንት ኩርኩም ቀምሻለሁ።

አጎቴ ሳቀና "እጅህ አልረሳም" አለኝ። በሕይወቴ ሰምቼ ደስ ያላለኝ የመጀመሪያው ምስጋና ነው።

መረቡን አውጥተን ትንንሾቹን ቆሮሶ ዓሦች ከአምባዛው ለየን። እኔ ግን አሞራ ገደል አልነበርኩም፤ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ሲነጥቁን ገመዱ ይነዝራል። ሲነዝር አንድ ክንድ እሰጣለሁ። የሰጠሁት ገመድ የሚደርሰው ከፊቴ ላለው ሰው ነው። ወደ ኋላ ተደግፎ የነበረ ሰው የተደገፈው ነገር በድንገት ሲላላ ወዴት ይሄዳል?

ከዛፉ ጋር አይወድቅም።

የማፍርበት፦ ከላይ ያለው በሙሉ።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ምናልባት ላይሆን ይችላል። አንድ አምባዛ ማስረጃ አይሆንም።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

በልምምድ ላይ እጄን አየሁት። ሆነ። ከፊቴ የነበረው ጉልላት ተንገዳገደ፤ ዞሮ አየኝና ጫማውን አየ። ጫማዬ ነው አለ።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ

ዛሬ እንዳይከፈት ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። ጥርሴ ጸና፣ እጄ ተከፈተ። ለእጄ ብነግረው አይሰማም፤ የአጎቴ ተማሪ እንጂ የእኔ አይደለም።

ነገሩን ልደርድረው። ብናገር፣ ስሜ ከስምንቱ ይወጣል። አልጋ የለም፣ ክፍል የለም፣ ጀልባ የለም። ሴቶቹ አሞራ ገደል ላይ "ተማሪው ተመለሰ" ይላሉ። ባልናገር፣ ያቤጽ ቡሹሎ ይሄዳል፣ እኔ ከታች እተኛለሁ፣ ላዬ ላይ ያለው አልጋ ባዶ ይሆናል። ወይም ሌላ ሰው ይመጣበታል፤ ከጸሎት በኋላ የማይስቅ።

ደግሞ ያቤጽ ወጣት ነው፣ ሌላ ዕድል ያገኛል። (በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ።)

የማፍርበት፦ ቅንፍ ውስጥ ያለው ሳይሆን ከቅንፉ በፊት ያለው።

ኅዳር 22፣ ዓርብ

እትዬ ወለተጊዮርጊስን ከገብርኤል ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ደብተሩ እንዴት ነው አሉ። እያለቀ ነው አልኳቸው። የምታፍርበትን ትጽፋለህ ወይ ሲሉኝ፣ እጽፋለሁ፣ በየቀኑ እጽፋለሁ አልኩ። እሳቸውም "አንተ እኮ ከጻፍክ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስልሃል" ብለው ሄዱ።

እሳቸው ምንም አያውቁም። ስለ ገመዱ አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?

ኅዳር 25፣ ሰኞ

ሦስተኛው ግምገማ። በሙሉ ልጻፈው።

ግለሂስ ላይ ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና "የሚለቀው እኔ ነኝ" አልኩ። ገመዱ ሲነዝር እጄ ይከፈታል፣ የዓሣ አጥማጅ እጅ ስለሆነ ነው፣ ያቤጽ የወደቀው በእኔ ነው አልኩ።

ሳቁ። ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። አንዱ "መልህቁ ዓሣ ያዘ" አለ። እውነቴን ነው ስል ባሰባቸው። ወር ተኩል ሙሉ አስቂያቸው ለአንድ ደቂቃ የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። እንዲያውም ያቤጽ ተቆጣ፤ በእኔ አትቀልድ፣ አሁንስ ይበቃል አለ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ስለዚህ ጋሽ ሽበሺን ሜዳ እንውጣ አልኳቸው። ሴቶቹ ልምምድ ላይ ነበሩ። ሳያትን ከእኛ ጋር ግጠሙ፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ንጠቁ አልኳት። አየችኝና "እስከ ዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?" አለች። ያቤጽን አጠገቤ አቆምኩት፤ እጄን ብቻ እይ አልኩት።

ፊሽካ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳያት ጮኸች፣ ነጠቁ። እጄ ከልጅነቱ የተማረውን ሠራ። ዘጠና ኪሎው ጉልላት ያቤጽ ይወድቅበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ያቤጽ ይወድቅ በነበረው አወዳደቅ፣ በጉልበቱ ወደቀ። ሌሎቹ እሱ ላይ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ማንም አልሳቀም። ጉልላት ሳሩ ላይ እንደተቀመጠ ጫማውን ሳይሆን እጄን አየ። ከዚያ የሆነውን ማንም አያምንም፤ ጉልላት መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ የሚያስል ሰው ነው ለካ።

ጋሽ ሽበሺ ያቤጽን በእኔ ቦታ አቆሙትና ድገሙ አሉ። ሴቶቹ አራት ጊዜ ነጠቁ። አልተነቃነቀም። ለካ ከዛፍ ጋር ሲጎትት ከርሞ ራሱ ዛፍ ሆኗል።

መቼ አወቅህ አሉኝ ጋሽ ሽበሺ። የዛሬ ሳምንት አልኳቸው። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ነው፤ ያወቅኩት እሑድ ነው። ወዲያው እሑድ አልኩ። ቃለ ጉባኤውን ማን ይጻፈው ሲባል አሁንም እኔ ጻፍኩት፦ "ያቤጽ ወደ መጨረሻው ቦታ ተመድቧል። አምሳሉ ከስምንቱ ወጥቷል። የጥቅምቱ ግምገማ ስህተት መሆኑ ተገምግሟል።" አሁን ቃሉን ማንንም አልጠየቅኩም።

ያቤጽ ማታ አልጋው ላይ ወጥቶ ጸለየ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። ከዚያ ከላይ፣ ቆይቶ፣ "የዲኑን ቀልድ ድገመው" አለኝ።

ኅዳር 30፣ ቅዳሜ

ዕቃዬን አወጣሁ። ያቤጽ ወደ ታችኛው አልጋ ወረደ። ወገብህ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን አልረሳም ማለት ነው።

የእንጨት ሥራ ትምህርቴ ግን አልተወሰደብኝም። ሳያት ጋሽ ሽበሺ ዘንድ ሄዳ፣ ድንገት የሚያላላ ሰው ከየት እናገኛለን፣ በእሱ ላይ ከተለማመድን ማንም አይጥለንም ብላለች። የሴቶቹ ቡድን የአለማማጅ ቦታ ክፍት ነበር። ዲኑ ምሳና ትምህርት ፈቀዱ፤ አልጋ የለውም። ከአሞራ ገደል በእግሬ እመላለሳለሁ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ጠዋት ከመሄድህ በፊት አንድ መረብ ታወጣለህ አለ።

የማፍርበት፦ ዲኑ ሲፈቅዱ ዓይኔ እርጥብ ነበር። አቧራ ነው አልኳቸው። ቢሮው ምንጣፍ ነው።

ታኅሣሥ 21፣ ቅዳሜ

የእርሻ ልጆችን አሸነፍን፤ ሁለት ለዜሮ። ከዚያ በሁለተኛው ግጥሚያ በሌሎች ተሸነፍን፤ በጉልበት ስለበለጡን እንጂ ስለወደቅን አይደለም። እየተንሸራተትን ሄድን፤ ስምንቱም በእግራቸው እንደቆሙ።

እኔ ውኃ ይዤ ሜዳው ዳር ነበርኩ። ከእርሻዎቹ ጋር ገመዱ ቀጥ ሲል ካፕቴናቸው እንደ በፊቱ ጮኸ። ነጠቁ። ገመዱ ሲነዝር ከዳር ሆኜ አየሁት፤ እጄ ባዶውን ተከፈተ፣ የውኃው ጀሪካን እግሬ ላይ ወደቀ። የያቤጽ እጅ አልተከፈተም።

የያቤጽ አባት ከቡሹሎ መጥተው ነበር። ልጃቸው ለምን ከሁሉም ኋላ እንደቆመ ጠየቁኝ። የተቀሩት ሁሉ በእሱ ስለሚተማመኑ ነው፣ አባባ አልኳቸው። በእኔ ቦታ ነው ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 25፣ ረቡዕ

በደቡብ ክልል ውስጥ እንደ እኔ ድንገት የሚያላላ ሰው የለም። ይህን ሳያት ራሷ መስክራለች። ሌላ ቡድን ሊቀጥረኝ ቢፈልግ አልሄድም።

ዛሬ ሴቶቹ ሰባት ጊዜ ጎትተው ጣሉኝ። ስምንተኛውን የተረፍኩት ሳያት ይበቃዋል ስላለች ነው።

የማፍርበት፦ ከዚህ በላይ ያለው መስመር። እትዬ ወለተጊዮርጊስ አንብብ ካሉኝ ግን ነገ ሄጄ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።